ቤትን በምን እናሙቅ?



አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች በመሆኗ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ አጥንት ድረስ ይሰማል። ታዲያ ቤታችንን በምን እናሙቅ?

በብዙ ቤት ያለው የከሰል ምድጃ ነው። ብዙ ሰውም «ፍሙ ከቀላና ጢሱ ካለቀ ጕዳት የለውም» ይላል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። የቀላ ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን መርዘኛ አየር ያወጣል። ይህ አየር መልክም ሽታም የለውም፤ ከደም ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ ስለሚበልጥ፣ የኦክሲጅንን ስፍራ ይነጥቃል። የተኛውንም ሰው ሳያነቃ ይገድላል።

የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይህ መርዝ የለበትም። ሆኖም ባለ 2,000 ዋቱ በ220 ቮልት 9 አምፔር ያህል ስለሚስብ፣ በቀጭን ማራዘሚያ ገመድ አይሰካ፤ ከመጋረጃና ከአልጋ ልብስም ይራቅ።

ስለዚህ የሚችል ሰው ኤሌክትሪኩን ይምረጥ። ከከሰል በቀር ሌላ የሌለው ግን መስኮት ከፍቶ ይሙቅ፤ ከመተኛቱም በፊት ምድጃውን ከነፍሙ ወደ ውጭ ያውጣ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የተሰማው ፈጥኖ ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ፤ ሐኪም ዘንድም ይሂድ።

ብርድ በተጨማሪ ብርድ ልብስ ይመለሳል፤ በከሰል አየር የጠፋ ሕይወት ግን አይመለስም።