ኸሚስ ማታ ጀራዲያ፦ መንዙማ ልጅ የሚገራው በየት በኩል ነው?



ከሀገር ቤት ያሉ ወላጆች በውስጥ መስመር ከሚልኩልኝ ጥያቄ አንዱ አይጠፋም፤ «ልጄ ሪያድ ነው። ኸሚስ ማታ ስደውል ስልኩ ዝግ ነው። ሲያነሳ ጀራዲያ ሐድራ ላይ ነበርኩ ይለኛል። ምን ዓይነት ሐድራ ነው? ምንስ ይጠቅመዋል?» ስጋቱ ይገባኛል። ልጇ በሰው ሀገር የት እንደሚያመሽ ሳትጠይቅ የምትተኛ እናት የለችም። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ በሰፊው ልጻፈው።

ጀራዲያን ለማታውቁ፣ ሸሚሲ አካባቢ ያለ የቆየ የሪያድ ሰፈር ነው። ዛሬ የሜትሮው ብርቱካናማ መስመር በስሙ ጣቢያ አለው። ኪራዩ ከሰሜኑ ሪያድ ስለሚቀል የየሀገሩ ሠራተኛ ይኖርበታል፤ የእኛም ልጆች አንድ ክፍል ለአምስት ለስድስት ተጋርተው ይኖሩበታል። ከራያ፣ ከቃሉ፣ ከከሚሴ፣ ከስልጤ፣ ከጅማ የመጡ ናቸው። ብዙዎቹ በኦቦክ ባሕሩን ተሻግረው፣ የመንን አቋርጠው፣ በጂዛን ተራራ የገቡ ናቸው። ሳምንቱን ሙሉ መኪና ያጥባሉ፣ ጡብ ይሸከማሉ፣ ምግብ ያደርሳሉ። የሚያወሩት ከአለቃቸው ጋር ብቻ ነው፤ እሱም በትእዛዝ ነው።

የሚያስፈራው የሥራው ጊዜ አይደለም፤ የደከመ ልጅ ይተኛል። የሚያስፈራው ከኸሚስ ማታ እስከ ቅዳሜ ያለው ባዶ ሰዓት ነው። ቁማሩ፣ በድብቅ የሚጠመቀው አረቄ፣ ቲክቶክ ላይ ተጀምሮ ክፍል ውስጥ በጩቤ የሚያልቀው የብሔር ስድብ፣ ሁሉም የሚገባው በዚያች ክፍተት ነው። በ2006 ዓ.ም. በሪያዱ መንፉሓ ሰፈር በፖሊስና በስደተኞቻችን መካከል የተነሣውን ግጭት የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ያኔ የወጣቱን ቁጣ የሚመልስ፣ ስሙን ጠርቶ «ና ተቀመጥ» የሚለው ታላቅ በየክፍሉ ቢኖር ኖሮ እላለሁ። ፖሊሱን አያስቆምም፤ ልጁን ግን ከመንገድ ያስቀረው ነበር።

ወደ ሐድራው ልመለስ። ከዒሻ በኋላ ነው የሚጀመረው። መጀመሪያ ቁርኣን ይቀራል፣ ሰለዋት ይባላል፣ አጠር ያለ ምክር ይሰጣል፣ ከዚያ መንዙማው ይወጣል፤ በዱዓ ይዘጋል። ከሀገር ቤቱ ብዙ ነገር ቀርቷል። ድቤ የለም፤ ግድግዳው ስስ ነው፣ ጎረቤትም አለ። ጫት የለም፤ እዚህ ጫት ከአደንዛዥ ዕፅ ተቆጥሮ ወህኒ ያስወርዳል። ዕጣኑ ትንሽ ነው። ቡናው ግን እስከ በረካ ይፈላል፤ እሱን ማንም አልነካብንም! እና ድቤውም ጫቱም ሲነሳ የቀረውን ሳየው፣ ልጅ የሚገራው ክፍል እሱ ሆኖ አገኘሁት።

መንዙማ አንዱ ያወጣዋል፣ ጀማው ይቀበለዋል። አውጪው ስንኙን ይላል፤ ጀማው አዝማቹን ይመልሳል። አዲስ የመጣ ልጅ መጀመሪያ ማታ ወይ ቀድሞ ይገባል፣ ወይ ድምፁን ከሁሉ በላይ ያወጣል። የሚቆጣው የለም። ዙሪያው የተቀመጡት ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ የእሱ ብቻውን ይቀራል፤ ያፍራል። በሚቀጥለው ዙር ይጠብቃል። ታላቅ ሲናገር አታቋርጥ የሚል ምክር ስንት ጊዜ ሰምቷል፤ አልያዘለትም ነበር። እዚህ ትንፋሹን እየቆጠበ፣ ጎኑ ያለውን እያዳመጠ ለመደው። ስልክ እየነካኩ አዝማች መመለስ እንደማይቻልም የሞከረ ያውቀዋል።

ከዜማው ይልቅ እኔ አጥብቄ የማምነው ግን በኺድማው፣ ማለት በማገልገሉ፣ ነው። አንድ ግሩም ድምፅ ያለው ልጅ ነበረን፤ ምግብ አድራሽ ነው። የመጣው መንዙማ ሊያወጣ ነው። ሲኒ እጠብ ተባለ። አጠበ። በሳምንቱም ሲኒ ተሰጠው። ጫማ ደርድር፣ ለሽማግሌው ውሃ አስታጥብ፣ የታመመው ጓደኛችን ጋ ሾርባ አድርስ። ተቆጥቶ ሄደ፤ ወራት ጠፋ፤ ተመልሶ መጣና ራሱ ሲኒውን አነሳ። ዛሬ ከአውጪዎቻችን አንዱ ነው። ድምፁ ያኔም ይኸው ነበር፤ ምንም አልጨመረም። ልዩነቱን ያየሁት ሌላ ቦታ ነው፤ አዲስ ልጅ ዜማ ሲያበላሽ አይስቅበትም።

ልጅን በመንዙማ መግራትን እኛ አልፈጠርነውም። ወሎ ውስጥ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የተሠራበት ነው። ሼኽ ሙሐመድ ሻፊ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ጀማ ንጉሥን የዒልምና የመውሊድ ማዕከል ሲያደርጉት፣ የሚመጣው ሰው ደረሳ ብቻ አልነበረም፤ ዐረብኛ የማያውቅ ገበሬና እረኛም ነበር። እሱ ኪታብ አይከፍትም። ዓቂዳውንም፣ የነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) ሲራም በአማርኛ ስንኝ በቃሉ ይዞ ወደ በሬው ይመለስ ነበር። ሼኽ ጦልሃ ጀዕፈርን ውሰዱ፤ ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የመጣውን የግዳጅ ጥምቀት ተቃውመው የተነሡ ዓሊም ናቸው። በአማርኛ፣ ግን በዐጀም፣ ማለት በዐረብኛ ፊደል፣ መንዙማ ጽፈዋል። ያ ሁሉ መከራ የወረደበት ሕዝብ ሃይማኖቱን ካቆየባቸው ነገሮች አንዱ በየቤቱ በማታ የሚመለሰው አዝማች ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

የስደተኛውንም ነገር ከሌሎች ጋር ላነጻጽረው። የሴኔጋል ሙሪዶች በዳካርም፣ በኒውዮርክ ሐርለምም «ዳሂራ» የሚሉት ስብስብ አላቸው። በ1927 እ.ኤ.አ. የሞቱት ሼኽ አሕመዱ ባምባ በዐረብኛ የጻፏቸውን ቀሲዳዎች በጋራ ያዜማሉ። እዚያው መዋጮ ይሰበሰባል፣ ለአዲስ መጤ ሥራ ይፈለግለታል፣ የሞተው አስከሬኑ ወደ ሀገሩ ይሸኛል። የእኛም እንደዚያው ነው። ሁለት ኸሚስ የቀረ ልጅ ይፈለጋል። ኢቃማው (የመኖሪያ ፈቃዱ) አልቆ ተደብቆ ይሁን፣ ታሞ ይሁን፣ ጀዋዛት (የፓስፖርት ፖሊስ) ይዞት ይሁን የሚታወቀው የተቀመጠበት ቦታ ባዶ ስለሚሆን ነው።

አሁን ደግሞ ስለሚያሰጋኝ ነገር። ዜማ ለወጣት የሚሆን ኃይል አለው ማለት ለደግ ብቻ ይውላል ማለት አይደለም። እዚሁ ሳዑዲ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የሰሕዋ (የሃይማኖታዊ መነቃቃት) እንቅስቃሴ ወጣቱን በትምህርት ቤትና በበጋ ማዕከሎች ሲሰበስብ፣ ከንግግሩ ጋር ያለ መሣሪያ የሚባለው ነሺድ ዋና ጓዙ ነበር። ብዙ ልጅ በእሱ ሶላቱን ያዘ፣ ወላጁን አከበረ። ነሺድን ለጦርነት መቀስቀሻ ያደረጉም ነበሩ፤ በኋላ ዳዒሽ ምን እንዳደረገበት ዓለም አይቷል። ስለዚህ ወላጆች፣ ልጃችሁ «መንዙማ ነው» ሲላችሁ በዚያ አትርኩ። ማን ነው የሚያወጣው? ግጥሙ ምን ይላል? ከመንዙማው በኋላ ምን ይወራል? ብላችሁ ጠይቁት። ደስ ብሎት የሚመልስ ከሆነ ጥሩ ቦታ ነው ያለው።

ከዚህ ቀለል ያለው፣ ግን በየቀኑ የምታገለው፣ የቲክቶኩ ነገር ነው። ሐድራ ሲቀረጽ አውጪው ለካሜራው ያወጣል፤ ተቀባዩም ፊቱን ያሳምራል። ላይቭ ገብቶ ስጦታ የሚለምን ሙንሺድ አይቻለሁ፤ ድምፁ ያምራል፣ አልወደድኩለትም። እኛ ጋ ስልክ በር ላይ ይቀመጣል። (ኸሚስ ማታ ስልኩ ለምን እንደሚዘጋ መልሱ ይኸው ነው።) ነሺድ በጆሮ ማዳመጫ ብቻውን የሚሰማውን ልጅ አልነቅፍም፤ ከዘፈን ይሻለዋል። ብቻ ብቻውን ሲሰማ ሲኒ የሚያሳጥበው፣ ሲቀርም የሚፈልገው የለም።

በመንዙማ ላይ ያለውን የዑለሞች ክርክር አላጣሁትም። የዚህ ሀገር ዑለሞች፣ ሼኽ ኢብን ባዝን ጨምሮ፣ መንዙማ የሚወጣበትን መውሊድ ቢድዓ ነው ብለዋል። የውጭ ዜጎች የደዕዋ ቢሮዎች፣ ጃሊያት የምንላቸው፣ በአማርኛም ያስተምራሉ፤ ከልጆቻችን ቁርኣን ያስተካከሉት እዚያ ነው፣ ውለታቸውን አንክድም። እኛ አላህን የሚያወድሰውን፣ በነቢዩ ላይ ሰለዋት የሚያወርደውንና ሲራውን እንይዛለን፤ ወሊዮችን የሚጣራውን ስንኝ እንተዋለን። በዚህ የተቀየሙ የወሎ ሽማግሌዎች አሉ፤ መንዙማውን ቆረጣችሁት ይላሉ። በሌላ በኩል ያሉት ደግሞ ገና አልቆረጣችሁትም ይላሉ። መሀል ላይ መቀመጥ ምቾት የለውም፤ ሆኖም ሁለቱም ወገን ልጁን ይልክልናል።

የሰሜኑ ጦርነት በ2014 ዓ.ም. ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ የነበረውን ሳልጠቅስ ብቀር ይቆጨኛል። ክፍሉ ውስጥ ከወሎም፣ ከአፋርም፣ ከትግራይም ልጆች ነበሩ። የቤተሰቡ ስልክ አልነሣ ያለው አለ። ሰላምታ ያቋረጡ ሁለት ልጆች ግራና ቀኝ ተቀምጠው አዝማቹን አብረው ይመልሱ ነበር። ታረቁ አልልም፤ አንዱ እስከ ዛሬ ሌላውን በስሙ አይጠራውም። ግን ሁለቱም አልቀሩም፤ በዚያ ሰሞን በሌሎች ክፍሎች የሆነውን ለሚያውቅ ይህ ትንሽ አይደለም።

እዚህ ለተወለዱት ልጆች ደግሞ ሌላ ጥቅም አይተናል። አባታቸውን በዐረብኛ ነው የሚመልሱለት። አማርኛን ተቆጥተን ልናስተምራቸው ስንል ይሸሻሉ። መንዙማውን ግን በደብተር ይገለብጡታል፤ ፊደሉን የለየው ብዙው በዚያ ነው። «ይህ ቃል ምን ማለት ነው?» ብለው አያታቸው ጋ ሲደውሉ አያቶቹ ምን እንደሚሰማቸው እናንተ ታውቁታላችሁ።

የጎደለን ሴቶቹ ናቸው። ሪያድ ካሉት እህቶቻችን ብዙዎቹ የቤት ሠራተኞች ናቸው፤ ብዙዎቹም ከበር አይወጡም። ከባዶ ሰዓት ይልቅ ባዶ ቤት ነው የሚያስቸግራቸው። ለጊዜው ኸሚስ ማታ በቴሌግራም የድምፅ መስመር ከፍተናል፤ አንዲት እህት ታወጣለች፣ ሌሎቹ ከየማድቤቱ ቀስ ብለው ይመልሳሉ። የኔትወርኩ መዘግየት አዝማቹን ይበታትነዋል፤ ኺድማውም፣ ቡናውም የለም። የምታወጣዋ እህት ኮንትራቷ አልቆ ወደ ሀገር ልትገባ ስለሆነ፣ ድምፅም ትዕግሥትም ያላት የምታውቋት ካለች በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።