የአሮጌ መኪና የጢስ ማውጫና የቤተሰብ ደኅንነት

መኪና ሲያረጅ ድካሙን በየመልኩ ይናገራል። ፍሬን ሲላላ እግር ያውቀዋል፤ ጎማ ሲያልቅ ዓይን ያየዋል፤ ባትሪ ሲደክም ሞተሩ ጧት ጧት አልነሣም ይላል። የጢስ ማውጫ በሽታ ግን በጥቂት ጩኸት ስለሚጀምር፣ ባለቤቱ ጆሮውን ከጩኸቱ ጋር አላምዶ ወራትን ያሳልፋል። ጩኸቱ ጎረቤትን ከማወክ ያለፈ ጉዳት የሌለው ይመስላል። እውነቱ ግን ከዚህ የራቀ በመሆኑ፣ በዛሬው የቤተሰብ አምዳችን ስለዚሁ ጉዳይ ጥቂት ማለት አስፈላጊ ሆኖ አግኝተነዋል።

በአገራችን መንገዶች ላይ ቮልስዋገን፣ ላዳ፣ ፔዦና የቀድሞዎቹ ቶዮታ ኮሮላዎች ዛሬም ቤተሰብ ያመላልሳሉ። የመጨረሻው የቀድሞ ቅርፅ ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ ከወጣ ዓመታት ቢያልፉም፣ በሚገባ የተያዘው ዛሬም ይሠራል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ ያለውን ጠብቆ መያዝ ይበልጥ ተገቢ ሆኗል። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል እንዲሉ፣ የአሮጌ መኪና ዕድሜ የሚወሰነው በያዡ ነው።

ድስቱ ለምን ይበሳል?

የጢስ ማውጫ ከሞተሩ ራስ፣ ማለትም ከቴስታታው ላይ ጀምሮ ጢሱን የሚሰበስበውን ክፍል፣ ቀጥሎ ያለውን ቧንቧ፣ ድምፅ የሚያፍነውን ማርሚታና የመጨረሻውን ጅራት ያጠቃልላል። ማርሚታ የሚለው የጋራዥ ቃል ከኢጣልያንኛ የተወረሰ ሲሆን፣ በዚያው ቋንቋ ድስት ማለትም ነው። ስሙ በእርግጥ ይስማማዋል፤ ውኃ የሚቋጥር ድስት ነውና።

አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ከጢሱ ጋር አንድ ሊትር ያህል ውኃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ረጅም መንገድ በሚሄድ መኪና ማርሚታው በሚገባ ስለሚግል እንፋሎቱ ወደ ውጭ ይወጣል። ከሰፈር እስከ ገበያ፣ ከገበያ እስከ ትምህርት ቤት ብቻ በሚመላለስ መኪና ግን ብረቱ ሳይግል ሞተሩ ስለሚጠፋ፣ እንፋሎቱ ወደ ውኃነት ተለውጦ በማርሚታው ሆድ ውስጥ ይተኛል። ውኃው በጢሱ ውስጥ ካሉት አሲዶች ጋር ተደባልቆ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። ስለሆነም ከውጭ ሲታይ ደህና የሚመስለው ማርሚታ ከውስጥ ወንፊት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚበሳው የኋለኛው ክፍል የሆነበትም ምክንያት ከሞተሩ ርቆ ቀዝቃዛ በመሆኑ ነው።

ዓይን የማያየው ጠላት

ከጢሱ ሁሉ የሚከፋው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ነው። ቀለምም ሽታም የለውም። በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል አንድደው የተኙ ሰዎችን ሳይነቁ የሚያስቀራቸው ይኸው ጋዝ ነው። በደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ኀይል በመሆኑ፣ ሰውነት አየር እየሳበ ይታፈናል። ሕፃናትና ነፍሰ ጡር እናቶች ይበልጥ ይጎዳሉ፤ በማኅፀን ያለው ፅንስም ከጉዳቱ አያመልጥም።

በደጋማው አገራችን አደጋው ይከብዳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር ከአየሩ ጋር የማይመጣጠን ብዙ ቤንዚን ያስገባል፤ ያልተቃጠለ ጢስና ካርቦን ሞኖክሳይድም ይበዛል። ተሳፋሪው የሚስበው ኦክስጅንም ያነሰ ነው። በዚህ ላይ በጣርማ በር ብርድ መስኮት ሁሉ ተዘግቶ፣ ወለሉ በዝገት የተበሳ መኪና ውስጥ ልጆች ከኋላ ሲተኙ ምን ሊከተል እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

የቀድሞው ቮልስዋገን ባለቤቶች በተለይ ሊጠነቀቁ ይገባል። ሞተሩ በአየር የሚቀዘቅዝ በመሆኑ፣ ለተሳፋሪዎች የሚመጣው ሙቀት በጢስ ማውጫው ቧንቧ ዙሪያ ያለፈ አየር ነው። ቧንቧው ከተበሳ ጢሱ ከሙቀቱ ጋር በቀጥታ ወደ ውስጥ ይገባል። የጢስ ሽታ ከተሰማ ሙቀቱን መዝጋት፣ መስኮት መክፈትና ሳይውል ሳያድር ማስጠገን ያስፈልጋል። እንደ ፔዦ 404 ያሉ ባለረጅም ጀርባ መኪናዎችን የኋላ በር ከፍቶ መንዳትም ጢሱን ወደ ውስጥ እንደሚስብ መዘንጋት የለበትም።

የምርመራው አካሄድ

ምርመራው የሚጀመረው ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ፣ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ነው፤ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር ማስነሣት ፈጽሞ አይፈቀድም። በማለዳ ሲነሣ ቲክ ቲክ የሚልና ሲሞቅ የሚጠፋ ድምፅ ካለ፣ ጢስ ሰብሳቢው ከቴስታታው ጋር የሚገናኝበት ጋስኬት ማፍሰሱን ያመለክታል። ብረቱ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ቀዳዳውን ለጊዜው ይደፍነዋል። ነጂው እግሩን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሣ ከኋላ የሚሰማ ፍንዳታ መሳይ ድምፅም አየር በስንጥቅ እየገባ ለመሆኑ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ አንድ ረዳት ወፍራም ጓንት አድርጎ፣ የጅራቱን አፍ በወፍራም ጨርቅ ለጥቂት ሴኮንድ ይጫነዋል። በዚህ ጊዜ እስ የሚል ድምፅ ከተሰማ ቀዳዳው በዚያ ነው። በመጋጠሚያዎች ዙሪያ የሚታይ ጥቁር ጥላሸትም መንገዱን ያሳያል። ሞተሩ ከጠፋና ከበረደ በኋላ ማርሚታውን በጠመንጃ መፍቻ እጀታ መታ መታ ማድረግ ይገባል፤ ጤነኛ ብረት ይጮኻል፣ የበሰበሰ ብረት የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። በአንዳንድ ማርሚታ ሆድ ሥር ያለው ትንሽ ቀዳዳ ግን ውኃ እንዲንጠባጠብበት በፋብሪካ የተሠራ ስለሆነ እንደ ብልሽት አይቆጠርም፤ አይደፈንምም።

መበየድ ወይስ መለወጥ?

መፍቻው ሲጫኑት ብረቱን ካልበሳ፣ ጉዳቱም አንድ ስንጥቅ ወይም የለቀቀ መጋጠሚያ ከሆነ ብየዳ ይበቃል። መፍቻው ብረቱን እንደ እንጀራ ከበሳው ግን የብየዳው እሳት የሳሳውን ብረት እያቃጠለ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። በየወሩ ለብየዳ የሚከፈለው ገንዘብም ሳይታወቅ የአዲስ ማርሚታ ዋጋ ይሆናል። የጣሳ ቆርቆሮ ጠቅልሎ በማጥበቂያ ማሰር መንገድ ላይ ለቀረ ሰው ቤቱ እስኪደርስ የሚረዳ ዘዴ እንጂ ጥገና አይደለም።

ለመለወጥ የወሰነ ሰው ከዋዜማው ማታ ብሎኖቹንና ዳዶዎቹን ዝገት በሚያላቅቅ ዘይት ያርሳቸው። በማግሥቱ መኪናው ደልዳላ መሬት ላይ ይቆማል፤ የእጅ ፍሬን ይያዛል፤ ጎማዎቹ በድንጋይ ይታገዳሉ። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር መግባት ሞትን መጥራት ስለሆነ ጠንካራ የብረት መደገፊያ የግድ ነው። ብየዳ ካለ የባትሪው ሽቦ ይለያይ፤ በነዳጅ ታንኩ አጠገብም እሳት አይቅረብ። አልላቀቅ ያለ ዳዶ በጉልበት ሲታገሉት ብሎኑ ከቴስታታው ላይ ይሰበራል፤ ይህም ትንሹን ሥራ ትልቅ ያደርገዋል። ስለዚህ ጥቂት ማጥበቅ፣ ጥቂት ማላላት፣ ዘይት መጨመር፣ መታገሥም ይገባል።

አዲሱ ማርሚታ ሲገባ ጋስኬቱም የጎማ ማንጠልጠያውም አብረው ይለወጡ። በጎማ ፈንታ በሽቦ ማሰር የሞተሩን ንዝረት ወደ ቧንቧው ስለሚያስተላልፍ አዲሱንም ያሰነጥቀዋል። ብሎኖቹ ሁሉ በመጀመሪያ ላላ ተደርገው ይገባሉ፤ ቧንቧው ከወለሉ፣ ከፍሬንና ከነዳጅ መስመር መራቁ ከታየ በኋላ ከሞተሩ በኩል ጀምሮ ወደ ኋላ ይጠበቃሉ። ከጥቂት ቀናት ጉዞ በኋላ እንደገና ማጥበቅ አይዘንጋ።

ራስ ምታት በመንገድ ላይ ሲጀምር

በጉዞ ላይ ሁለትና ከዚያ በላይ ተሳፋሪዎች ራሳቸውን ካመማቸው፣ ካዞራቸው ወይም ካቅለሸለሻቸው መንገዱ ነው፣ ረኃቡ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። መኪናውን አቁሞ ሞተሩን ማጥፋት፣ ሁሉንም ወደ ንጹሕ አየር ማውጣትና ወደ ሕክምና ጣቢያ መውሰድ ይገባል። ሎሚ ማሽተትም ሆነ ወተት መጠጣት ጋዙን ከደም አያወጣውም። በንጹሕ አየር ብቻ የጋዙ መጠን በግማሽ እስኪቀንስ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ያህል ሲፈጅ፣ በሐኪም ቤት በሚሰጥ ንጹሕ ኦክስጅን ግን አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም። ለሐኪሙም ሕመሙ በመኪና ውስጥ እንደጀመረ መንገር ብዙ ይረዳል።

ሳይቃጠል በቅጠል ነው። በወር አንድ ጊዜ፣ በዕረፍት ቀን፣ አሥር ደቂቃ ከመኪናው ሥር ማሳለፍ የሚከብድ ሥራ አይደለም። በዚህች ጥቂት ጊዜ የሚገኝ አንድ ቀዳዳ፣ ከኋላ ወንበር ተኝተው ለሚጓዙት ልጆች የሕይወትና የሞት ጉዳይ ሊሆን ይችላል።