የመስሚያ መሣሪያ ጆሮ ሲያሳክክ፦ መንስኤውና መፍትሔው

የመስሚያ መሣሪያ የሚጠቀሙ ሰዎች ከሚያነሷቸው ቅሬታዎች አንዱ የጆሮ ማሳከክ ነው። ቀላል ቢመስልም ሁለት ችግር ያስከትላል። አንዳንዱ እፎይ ለማለት ጆሮውን በክብሪት እንጨት፣ በእስክሪብቶ ክዳን ወይም በጥጥ መጎርጎር ይጀምራል። ሌላው ደግሞ መሣሪያውን አውልቆ መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጠዋል። በተለይ አረጋውያን ምክንያቱን ሳይናገሩ መጠቀም ያቆማሉ፤ ከዚያ በኋላ ጨዋታው እያመለጣቸው ብቸኛ እየሆኑ ይሄዳሉ።

ስለዚህ እናትዎ ወይም አባትዎ መሣሪያውን ማድረግ ከተዉ፣ “እምቢ አሉ” ከማለትዎ በፊት ጆሯቸውን ያሳክካቸው እንደሆነ ይጠይቋቸው። መንስኤው ከታወቀ አብዛኛውን ጊዜ የሚስተካከል ችግር ነው።

ለምን ያሳክካል?

• እርጥበት፦ መሣሪያው የጆሮን ቀዳዳ ስለሚዘጋ ላብና ውሃ በቀላሉ አይደርቅም። ይህ ቆዳውን ያረጥበዋል፤ ለፈንገስና ለባክቴሪያም ይመቻል።
• የቆዳ መድረቅ፦ በተለይ በዕድሜ የገፉ ሰዎች የጆሯቸው ቆዳ ይደርቃል። አዘውትሮ መጎርጎርም ጆሮን የሚጠብቀውን ቅባት ያስወግዳል።
• የጆሮ ኩክ፦ መሣሪያው ኩክ በተፈጥሮ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ሊያግደውና እንዲጠራቀም ሊያደርገው ይችላል።
• ልክ አለመሆን፦ የሚጠብ መሣሪያ ቆዳውን ይጫነዋል፤ የሚሰፋ ደግሞ ሲንቀሳቀስ ይፈትገዋል።
• አለርጂ፦ አንዳንድ ሰው መሣሪያው የተሠራበት ፕላስቲክ ወይም የሚጸዳበት ኬሚካል አይስማማውም። ቆዳው መሣሪያው በሚነካው ቦታ ላይ ይቀላል።
• የቆዳ በሽታ፦ ኤክዜማ፣ ሶሪያሲስ ወይም የራስ ቅል ፎረፎር ያለበት ሰው ጆሮው ውስጥም ሊያሳክከው ይችላል።

መሣሪያውን ካወለቁ በኋላም ማሳከኩ ለቀናት ከቀጠለ፣ ችግሩ ከራሱ ከጆሮው ቆዳ ሊሆን ይችላል። ሲወልቅ ጠፍቶ ሲደረግ የሚመለስ ከሆነ ግን የመሣሪያው ልክ ወይም የተሠራበት ቁስ መታየት አለበት። አዲስ ተጠቃሚ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መጠነኛ ማሳከክ ቢሰማው የተለመደ ነው፤ ቆዳው ሲለምደው ይቀንሳል።

በቤት ውስጥ ምን ማድረግ ይቻላል?

1. መሣሪያውን በየቀኑ በንጹሕና በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉ። አልኮል አይጠቀሙ።
2. ጆሮ ውስጥ የሚገባው ክፍል ከመሣሪያው የሚነቀል ዓይነት ከሆነ፣ እሱን ብቻ ነቅለው ለብ ባለ ውሃና በለዘብተኛ ሳሙና ይጠቡት። በደንብ ሳይደርቅ መልሰው አይግጠሙት። ዋናው መሣሪያ ውሃ እንዳይነካው ይጠንቀቁ።
3. ማታ ሲተኙ ያውልቁት፤ ጆሮም መሣሪያውም አየር ያግኙ። ባትሪው የሚቀየር ከሆነ የባትሪውን ክዳን ከፍተው ያሳድሩት።
4. ገላዎን ከታጠቡ ወይም ቅባት ከተቀቡ በኋላ ጆሮዎ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ይጠብቁ።
5. ልክ ካልሆነ መሣሪያውን የሰጠዎት ባለሙያ እንዲያስተካክለው ያድርጉ። ጫፉን በሌላ መጠን መቀየር ወይም አየር ማስገቢያ ቀዳዳውን ማስፋት ይቻል ይሆናል።

የጆሮዎ ቆዳ ደረቅ ከሆነና ሐኪም ጆሮዎን አይቶ ታምቡሩ ጤናማ መሆኑን ካረጋገጠ፣ ማታ መሣሪያው ከወለቀ በኋላ አንድ ወይም ሁለት ጠብታ የወይራ ዘይት ሊረዳ ይችላል። ዘይት የመሣሪያውን ድምፅ ማውጫ ስለሚደፍን፣ ጠዋት ከጆሮዎ ደጃፍ ላይ ጠርገው ያድርጉት።

ምን ማድረግ የለብዎትም?

ጆሮን መጎርጎር ለጊዜው ደስ ይላል። ነገር ግን ቆዳውን ይቧጭረዋል፤ የተቧጨረው ሲድን መልሶ ያሳክካል፣ እንደገናም ይጎረጎራል። ጥጥም ቢሆን ኩኩን ወደ ውስጥ ይገፋል፤ ታምቡርንም ሊበሳ ይችላል።

ጤና አዳም፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም የሞቀ ዘይት ጆሮ ውስጥ አይጨምሩ። በአገራችን የመስማት ችግር ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ከልጅነታቸው ጀምሮ ጆሯቸው ይመግል የነበረ ነው፤ ታምቡራቸው ቀዳዳ ሊኖረው ስለሚችል የሚጨመረው ሁሉ ወደ ውስጠኛው ክፍል ይገባል። ቤት ውስጥ የተረፈ የጆሮ ጠብታም አይጠቀሙ። ለባክቴሪያ የታዘዘ መድኃኒት የፈንገስ ኢንፌክሽንን ሊያባብስ ይችላል።

ሐኪም ጋር መቼ ይሂዱ?

• ጆሮዎ ካመመዎት፣ ካበጠ ወይም ፈሳሽ፣ መግል ወይም ደም ከወጣው
• መጥፎ ሽታ ካለው
• መስማትዎ በድንገት ከቀነሰ ወይም ካዞረዎት
• ከላይ የተጠቀሰውን እንክብካቤ አድርገው በ2 ሳምንት ውስጥ ካልተሻለዎት

የስኳር በሽታ ያለበት ወይም የበሽታ መከላከል አቅሙ የደከመ ሰው የጆሮ ሕመም ከጀመረው አንድም ቀን መጠበቅ የለበትም። ኢንፌክሽኑ እስከ አጥንት ሊደርስ ይችላል።

ወደ ሐኪም ሲሄዱ መሣሪያውንም ይዘው ይሂዱ። ኢንፌክሽን ከተገኘ እስኪድን ድረስ መሣሪያውን በዚያ ጆሮ እንዳያደርጉ ሊነገርዎ ይችላል፤ ሲድን ግን መልሰው ይጠቀሙበት። የሚታከመው ማሳከኩ ነው፤ በማሳከኩ ምክንያት ከሰው ጋር መጫወትዎ መቅረት የለበትም።