እጅ የሚያንቀጠቅጠው እርጅና ብቻ አይደለም

ዶፓሚን ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን “የደስታ ኬሚካል” የሚለው ቅጽል ነው። ቅጽሉ ግን ንጥረ ነገሩን ያሳንሰዋል። በሰው አንጎል ውስጥ ካሉት 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሴሎች መካከል ዶፓሚን የሚያመርቱት ጥቂት መቶ ሺህ ብቻ ናቸው። እነዚህ ሲመናመኑ ጎልቶ የሚታየው ጉድለት የደስታ ሳይሆን የእንቅስቃሴ ነው።

ይህን ያሳዩት ጥንቸሎች ናቸው። ስዊድናዊው ተመራማሪ አርቪድ ካርልሰን እ.ኤ.አ. በ1957 ሬዘርፒን የተባለውን የደም ግፊት መድኃኒት የሰጧቸው ጥንቸሎች ደንዝዘው መንቀሳቀስ ተሳናቸው። ሰውነት ወደ ዶፓሚን የሚለውጠውን ኤል ዶፓ ሲወጓቸው ግን ብዙም ሳይቆዩ ነቅተው መንቀሳቀስ ጀመሩ። በ1960 ቪየና ውስጥ ፓርኪንሰን የነበረባቸው ሟቾች አንጎል ተመርምሮ ዶፓሚኑ እጅግ አሽቆልቁሎ ተገኘ። ካርልሰን በ2000 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

ታዲያ ዶፓሚኑን ራሱን መዋጥ አይቻልም? ቢዋጥም ከደም ወደ አንጎል አያልፍም። ኤል ዶፓ ግን ያልፋል። የሚገርመው፣ ይህ ውህድ እ.ኤ.አ. በ1913 ተነጥሎ የወጣው እኛ በእሸቱም በሽሮውም ከምናውቀው ባቄላ ነው። ያወጡት የባዝሉ ባዮኬሚስት ማርከስ ጉገንሃይም 2.5 ግራም ራሳቸው ውጠው ክፉኛ አስመልሷቸዋል። ዛሬ መድኃኒቱ ማቅለሽለሹን ከሚቀንሰው ካርቢዶፓ ጋር ተቀላቅሎ ይሰጣል። ይህ ማለት ግን ባቄላ ክኒኑን ይተካል ማለት አይደለም፤ በአንድ እፍኝ እሸት ውስጥ ምን ያህል እንዳለ ማዕድ ላይ ማን ይለካል?

የመንቀሳቀስ ችግሩ እስኪታይ ድረስ ግማሽ ያህሉ ሴሎች ጠፍተዋል። ስለዚህ አባታችን እግራቸውን መጎተት ሲጀምሩ፣ የእጅ ጽሕፈታቸው እየኮሰሰ ሲሄድ፣ ጭናቸው ላይ ያረፈ አንድ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ “እርጅና ነው” ብሎ ማለፍ ስህተት ነው። መንስኤው መድኃኒት ሊሆንም ይችላል። ለማስመለስ የሚታዘዘው ሜቶክሎፕራማይድና አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ዶፓሚንን ስለሚያግዱ ተመሳሳይ ምልክት ያመጣሉ፤ ፓርኪንሰን ያለበትንም ያባብሱበታል። ሐኪም ዘንድ ሲኬድ የሚወሰደውን መድኃኒት ሁሉ ይዞ መሄድ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ኤል ዶፓ የጀመሩ ሰዎችም የሚወስዱበት ሰዓት ያሳስባል። ሥጋ በብዛት ከተበላ በኋላ ከተዋጠ፣ ከፕሮቲኑ የሚገኙት አሚኖ አሲዶች መንገድ ስለሚሻሙት ኃይሉ ይቀንሳል። መድኃኒቱን በድንገት ማቋረጥ ደግሞ ከፍተኛ ትኩሳትና የጡንቻ መገተር አስከትሎ ለሕይወት ሊያሰጋ ይችላል። ክኒኑ ከማለቁ ቀናት ቀድሞ ፋርማሲ መጠየቅ የቤተሰብ ሥራ ነው።