ቢሊሩቢን፦ ከጥራጊነት ወደ ደም ቧንቧ ጥበቃ?

የሰው ዓይን ቢጫ ሲል «የወፍ በሽታ ያዘው» ይባላል። ዓይኑን ያቀለመው ቢሊሩቢን ነው። አንድ ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ገደማ አገልግሎ ይፈርሳል፤ ብረት የያዘው ቀይ ቀለሙ መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ቢጫ ይሆናል። (የተመታ ቆዳ ከጠቆረ በኋላ አረንጓዴና ቢጫ የሚለው በዚሁ መንገድ ነው።) ጉበት ቢጫውን በውኃ እንዲሟሟ አድርጎ ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ይሸኘዋል።

ለረጅም ጊዜ ከጥራጊ በላይ ግምት አልተሰጠውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 ግን ሮላንድ ስቶከር፣ ብሩስ ኤምስና ባልደረቦቻቸው ስብ በኦክሲጅን እንዳይበላሽ እንደሚከላከል አሳዩ። ነገሩ ደም ቅዳዎችን በቀጥታ ይነካል። መጥፎው ኮሌስትሮል ግድግዳቸው ውስጥ ሰርጎ ሲበላሽ ነጭ የደም ሕዋሶች ይውጡታል፤ በስብ የተሞሉት ሕዋሶች እዚያው ይከማቻሉ፤ የደሙ መተላለፊያም ይጠባል። ብልሽቱን የሚያዘገይ ቢጫ ቀለም በደም ውስጥ ቢኖርስ? በ1994 የወጣ የአሜሪካ ጥናት የልብ ደም ቧንቧ በሽታ ቢሊሩቢናቸው ዝቅ ባለ ሰዎች ላይ እንደሚበዛ ዘገበ።

ለዚህ ጥያቄ ተፈጥሮ ራሷ ያዘጋጀቻቸው ሰዎች አሉ። ፈረንሳዊው ሐኪም ኦጉስተን ዢልቤር በ1901 የገለጸው ሁኔታ ያለባቸው ሰዎች ቢሊሩቢንን የሚያጣራው የጉበት ኢንዛይማቸው በውርስ ደካማ ነው። ጤነኞች ናቸው፤ ምግብ ሳይቀምሱ ሲውሉ ወይም ሲታመሙ ግን ዓይናቸው ቢጫ ይላል። በ2002 የታተመ የፕራግ ጥናት የልብ ደም ቧንቧ በሽታ በእነርሱ ዘንድ አነስተኛ ሆኖ አግኝቶታል።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ዴንማርካውያን ተመራማሪዎች በ2013 ባሳተሙት ሰፊ ጥናት ቢሊሩቢንን የሚያሳድገውን ዘረመል የወረሱ ሰዎች ከልብ በሽታ የተለየ ጥበቃ አላገኙም። ታዲያ ቀድሞ የታየው ዝምድና ከየት መጣ? ለምሳሌ አጫሾች ቢሊሩቢናቸው ዝቅ ይላል፤ ሲጋራው ደግሞ ራሱ ቧንቧ ያበላሻል። ስለዚህ ዝቅተኛው ቁጥር ከጥፋተኛነት ይልቅ ወደ ምስክርነት ያደላ ይመስለኛል።

የኤችአይቪ መድኃኒት የሆነው አታዛናቪርም ያንኑ ቢሊሩቢንን የሚያጣራውን የጉበት ኢንዛይም ስለሚገታ ዓይን ቢጫ ያደርጋል። ይህን ያየ ሰው ደንግጦ መድኃኒቱን አያቋርጥ፤ ሐኪሙን ያማክር። የዓይን ቢጫነት ድንገት የታየበትም «ለልብ ይበጃል» ብሎ አይቀመጥ። አራስ ሕፃን ሲሆንማ ጨርሶ አይዘግዩ፤ ቢሊሩቢን ከመጠን ሲያልፍ የሕፃንን አንጎል ይጎዳልና ፀሐይ ማሞቁ ላይ ሳይተማመኑ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።