የዶሮ ቅማልና መቆጣጠሪያው

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት

ዶሮ እየበላች ስትከሳ፣ እንቁላል ስትቀንስ፣ ዕረፍት አጥታ ላባዋን ስትነጭ ብዙ ጊዜ በመኖው ይሳበባል። ሆኖም መኖ ለመለወጥ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ላባዋን ገልጦ መመልከት ይገባል።

የተባዩ ጠባይ

የዶሮ ቅማል ክንፍ የሌለው፣ ጠፍጣፋና ገለባ መሳይ ቀለም ያለው ተባይ ሲሆን፣ ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ነው። አፉ ለማኘክ የተሠራ በመሆኑ ላባና የቆዳ ቅርፊት ይበላል። የገላ ቅማል የሚባለው ዓይነት ግን ቆዳውንና የለጋ ላባን ሥር እየቦረቦረ ደም ጭምር ይመገባል።

ቅማሉ ዕድሜውን በሙሉ የሚያሳልፈው በዶሮዋ ገላ ላይ ነው። ሴቷ ቅጫሟን በላባው ሥር ታጣብቃለች። ቅጫሙ ከ4 እስከ 7 ባሉት ቀናት ውስጥ ይፈለፈላል፤ በ3 ሳምንት ገደማም ለመራባት ይደርሳል። ከዶሮዋ የተለየ ቅማል ከአንድ ሳምንት በላይ እምብዛም አይቆይም። ስለዚህ ቤቱን ብቻ መርጨት ቅማልን አያጠፋም፤ መድኃኒቱ ዶሮዋን ራሷን ማግኘት አለበት።

ጉዳቱ

ከሁሉ የሚጎዱት ጫጩቶች ናቸው። ከእናታቸው ክንፍ ሥር ሲገቡ ቅማሉ ይተላለፍባቸዋል፤ ከበዛባቸውም ደክመው ይሞታሉ። ጤነኛ ዶሮ ላባዋን በምንቃሯ እያበጠረች ቅማሉን ትቀንሳለች። የታመመች ወይም ምንቃሯ የተጎዳ ዶሮ ግን ይህን ስለማትችል ቅማል ይበዛባታል። በመሆኑም ብዙ ቅማል ሲገኝ ሌላ በሽታ መኖር አለመኖሩም ይመርመር።

ምርመራ

በቀን ብርሃን በፊንጢጣ ዙሪያ፣ በክንፍ ሥርና በደረት፣ በጫጩቶች ደግሞ በራስና በአንገት ላይ ያለውን ላባ ገልጣችሁ ተመልከቱ። ቅማሉ ከብርሃን ሲሸሽ፣ ቅጫሙም በላባው ሥር ተከማችቶ ይታያል። ቀን ምንም ሳይታይ ዶሮዎቹ ሌሊት የሚታወኩ ከሆነ፣ በቆጥና በግድግዳ ስንጥቅ የሚደበቁ ደም መጣጭ ተባዮች ሊሆኑ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ ቤቱም መታከም አለበት።

ቁጥጥር

1. አዲስ የተገዙ ወይም የተከፋፈሉ ቄቦች ሳይመረመሩ ከመንጋው አይቀላቀሉ።

2. ዝናብ በማያገኘው ቦታ ደረቅ አመድና አሸዋ ለመንደባለያ ይዘጋጅ። ይህ ቅማሉን ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋም።

3. ለዶሮ የተፈቀደ የቅማል ዱቄት በእንስሳት ጤና ባለሙያ ምክር መሠረት በላባው ሥር ይነስነስ። አውራ ዶሮዋም ታቃፊዋም ሳይቀሩ በአንድ ቀን ይታከሙ።

4. ዱቄቱ ቅጫሙን ስለማይገድል ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ሕክምናው ይደገም። ይህ ከተዘለለ የመጀመሪያው ድካም ከንቱ ይሆናል።

5. ታቃፊ ዶሮ ከመታቀፏ በፊት ከቅማል ትጽዳ፤ የጎጆዋም አሮጌ ጭድ ይቃጠል።

ማስጠንቀቂያ

ለሰብል ወይም ለወባ መከላከያ የተዘጋጀ መርዝ በዶሮ ላይ አይነስነስ። ዶሮዋን ከመመረዙም በላይ በእንቁላሏና በሥጋዋ አማካይነት ለሰው ይደርሳል። ናፍጣም ቆዳዋን ያቃጥላል።

የአንዱ አባል ዶሮ ከጎረቤቱ ዶሮ ጋር ስለምትውል፣ አንዱ ብቻውን ቢያክም ቅማሉ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ማኅበሩ የሕክምናውንና የድጋሚውን ቀን አስቀድሞ ወስኖ አባላቱ በአንድነት እንዲያክሙ ያድርግ።