ሽሮ በዓሣ አጥማጁ ቤት

የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ረጅም እረፍት ሁልጊዜ ፍልሰታ ላይ ይወድቃል። ልጆቹ ባሕር ባሕር ይላሉ፣ እናት ትጾማለች፣ ሆቴሉ ደግሞ ጠዋት ጠዋት እንቁላልና ቋሊማ ይደረድራል። ስለዚህ «ለእረፍት የት እንሂድ?» ለምትሉኝ ምክሬ ሆቴሉን ትታችሁ ወጥ ቤት ያለው ኮቴጅ እንድትከራዩ ነው። ቦታውን ምረጥ ካላችሁኝ በሰሜን ዮርክሻየር ጠረፍ ያለችውን ሮቢን ሁድስ ቤይን እመርጣለሁ። (ሮቢን ሁድ እዚያ ስለመድረሱ ግን ምንም ማስረጃ የለም።)

ፎቶውን ብቻ አይታችሁ ግን አትክፈሉ። በታችኛው መንደር የምትከራዩት ለእንግዳ ታስቦ የተሠራ ቤት ሳይሆን የዓሣ አጥማጅ ቤት ነው። ቤቶቹ ገደሉ ላይ ተደጋግፈው፣ የአንዱ ጣሪያ ከሌላው ደጃፍ በታች እየሆነ፣ እስከ ባሕሩ ድረስ ይወርዳሉ። በ18ኛው መቶ ዘመን በሻይ፣ በአልኮልና በትምባሆ ላይ ከባድ ቀረጥ ሲጣል ይህ መጠጋጋት ለኮንትሮባንድ ተመቸ። የሐር ጥቅል ከባሕሩ ዳር ተነሥቶ፣ አንዴም ደጅ ሳይወጣ፣ ከጓዳ ወደ ጓዳ እየተቀባበሉት ገደሉ አናት ይደርስ ነበር ይባላል። ያኔ ዕቃ የደበቀው ጥበት ዛሬ የእናንተን ትልቅ ሻንጣ ደረጃ ላይ ያስቀረዋል። ጉልበት የሚያማቸው አዛውንት ይዛችሁ ከሆነ፣ ባቡር በ1885 ከገባ በኋላ እየሰፋ ከሄደው ከላይኛው መንደር ብትከራዩ ይሻላል።

የእንግዳ መኪና ታች አይወርድም። ላይ አቁማችሁ እንጀራውን፣ ድስቱን፣ ሕፃኑን ተሸክማችሁ መውረድ ነው፤ መውጣቱን ደግሞ ራሳችሁ ታዩታላችሁ።

በበጋ ብዙ ባለቤቶች የሚያከራዩት ሳምንት ሙሉ ነው፤ ከዓርብ እስከ ዓርብ ወይም ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ። ቁልፉ ብዙ ጊዜ በሩ አጠገብ ባለች ሳጥን ውስጥ ነው፤ የመክፈቻው ቁጥር ቀደም ብሎ ይላክላችኋል። አንሶላና ፎጣ፣ ማስያዣ ገንዘብና የምድጃው ማገዶ በዋጋው ውስጥ መኖር አለመኖራቸውን ጠይቁ። ምጣድ ተሸክማችሁ አትሂዱ፣ እንጀራ ከከተማ ገዝታችሁ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱ። ቡና ስትቆሉ መስኮት ክፈቱ፤ የጭስ ደወሉ የእኛን ወግ አያውቅም። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለየቤታችሁ ትቼዋለሁ።

የጾም ነገር ከተነሣ ዊትቢን ሳታዩ አትመለሱ፤ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። በ664 ፋሲካ መቼ ይዋል በሚለው ጉዳይ የተከራከሩት እዚያ፣ እመ ምኔት ሂልዳ በምታስተዳድረው ገዳም ነው። የታሪክ ጸሐፊው ቤድ እንደሚለው፣ ንጉሥ ኦስዊዩ የአየርላንድ መነኮሳትን ቀመር ተከትሎ ፋሲካውን ሲያከብር፣ ንግሥቲቱ በሮም ቀመር ገና ጾም ላይ ሆና ሆሳዕናን የምታከብርበት ጊዜ ነበር። አንድ ቤት፣ ሁለት ፋሲካ! በአውሮፓ የምንኖር የባሕረ ሐሳብ ልጆች ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገንም። ንጉሡ በመጨረሻ ለሮም ፈረደ። ዛሬ ኮረብታው ላይ የሚታየው ፍርስራሽ ግን ከዚያ ዘመን በኋላ የተሠራ ነው።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የጥር 1881 ታሪክ ነው። ቪዚተር የምትባል መርከብ ሮቢን ሁድስ ቤይ ላይ ተሰበረች፤ ስድስቱ መርከበኞች በትንሽ ጀልባ ባሕር ላይ ቀሩ። የዊትቢ የነፍስ አድን ጀልባ በማዕበሉ ምክንያት በባሕር መምጣት አልቻለችም። ስለዚህ በየብስ ጎተቷት! ሰዎች በረዶውን እየዛቁ፣ ፈረሶች እየሳቡ፣ በዚያ ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት አምጥተው፣ እናንተ ሻንጣ ይዛችሁ በምታማርሩበት በዚያው ጠባብ መንገድ በገመድ አወረዷት። ስድስቱም ዳኑ።

ባሕሩ ዛሬም ቀልድ አያውቅም። ሲጎድል ሰፊ የድንጋይ ወለል ይገለጣል፤ ልጆች ሸርጣን ይፈልጋሉ፣ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለሉ የጥንት ባሕር እንስሳት ቅሪቶችም ይገኛሉ። ሲሞላ ግን ውኃው ገደሉ ሥር ይደርስና መመለሻ ይዘጋል። የሙላቱንና የጉድለቱን ሰዓት ሳታዩ ከገደሉ ሥር አትራቁ።

ቅር የሚለኝ አንድ ነገር አለ። ከታችኛው መንደር ቤቶች አብዛኞቹ ዛሬ የኪራይ ወይም የሌላ ከተማ ሰው ሁለተኛ ቤት ናቸው፤ እኛ ተከራዮችም ድርሻ አለን። ቢያንስ ዳቦና ወተቱን ከመንደሯ ሱቅ ግዙ፤ ሁሉን ከሱፐርማርኬት ጭናችሁ አትምጡ።

መኪና ለሌላችሁ፦ የባቡሩ መስመር በ1965 ተዘግቶ አሁን የእግርና የብስክሌት መንገድ ሆኗል። ከስካርብራ ወይም ከዊትቢ በኤክስ 93 አውቶቡስ መድረስ ይቻላል፤ የሚያወርዳችሁ ግን ላይ፣ ገደሉ አናት ነው።